ዕዳን ደብቆ ወጪ መቀነስ አይቻልም

/በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳ ወጥቷል።/




በዛሬው አጀንዳ በሦስተኛ ተራ ላይ የተጻፈው «ስለ ቤት ወጪና ስለ ዕዳ» ይላል። ኮሚቴው ይህን አንተ ተናገር ብሎ ሲመርጠኝ ምክንያቱ ገብቶኛል። በትምህርት አይደለም፤ እንደምታውቁት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕዳ ውስጥ ገብቼ የወጣሁ ሰው ስለሆንሁ ነው። ስለዚህ ከራሴ ቤት ጀምሬ እናገራለሁ። ከተሳሳትሁ አርሙኝ።

በመጀመሪያ ይህ ነገር ለምን ተነሣ? ባለፈው ስብሰባ ላይ መዋጮ ያቋረጡ አባላት ስማቸው በሰሌዳው ላይ ይለጠፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ብዙ ሰውም አጨበጨበለት። ለጣፊው እንግዲህ እኔ ነኝ፤ መዝገቡም በእኔ እጅ ነው። መዝገቡን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳየው ያስተዋልሁት አለ። መዋጮ ያቋረጠ ሰው ስብሰባ ይቀራል። ስብሰባ የቀረ ሰው ቀስ እያለ ለቅሶም ይቀራል። ከዚያ መንገድ ላይ ሲያገኙት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ማኅበር በጠብ ብቻ ይፈርሳል ትላላችሁ? በዕዳም ይፈርሳል።

ኑሮው መወደዱን ማንም አይክድም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም ሳሙናውም ምን እንደ ሆነ ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገበያው ሲቀዘቅዝና ዕቃው ሲጠፋ ከርመናል። ይህን እኔም እናንተም አናስቆመውም። በቤታችን ውስጥ ያለውን ግን እንችለዋለን።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። አባቴ በኅዳር 2010 ዓ.ም. አረፉ። ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ተዝካር ይውጣ ተባለ። ታላቁ ልጅ እኔ ነኝ። «የእገሌ ልጅ አባቱን ደረቅ አድርጎ አስቀረው» እንዳልባል ፈራሁ። ገንዘብ አልነበረኝም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ከአንድ ሰው 12,000 ብር በአራጣ ተበደርሁ፤ ወለዱ በወር ከመቶ አሥር። የሰውየውን ስም አልጠራም። እጄን ጠምዝዞ አልሰጠኝም፤ ለምኜ ነው የወሰድሁት። ጠላው ተጠመቀ፣ በጎች ታረዱ፣ ድንኳን ተተከለ። ሰው በልቶ ጠጥቶ መረቀኝ። በማግስቱ ድንኳኑ ሲነቀል ለእኔ የቀረኝ ባዶ ጋንና ዕዳ ነበር።

በየወሩ ወለዱን ብቻ 1,200 ብር እከፍላለሁ። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ገንዘቡን ከእቁብ ያወጣሁት ይመስላት ነበር። ከታኅሣሥ 2011 እስከ ጥር 2012 ዓ.ም. ድረስ 14 ወር ከፈልሁ። አስሉት፤ 16,800 ብር ነው። የተበደርሁት 12,000፣ የከፈልሁት 16,800፣ የቀረብኝ ያው 12,000። ከዋናው አንዲት ብር አልጎደለችም።

ወለዱን ለመክፈል ደግሞ የቤቱን አስቤዛ ከሱቅ በዱቤ መውሰድ ጀመርሁ። ዱቤ አፍ ያሲዛል። ስኳር በዱቤ የሚወስድ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፤ ይወደዳል ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ አይሄድም። የተጻፈበትን ተቀብሎ ይመለሳል። በዚህ መካከል የዚህን የማኅበራችንን መዋጮ አምስት ወር አቋረጥሁ። ለቅሶ ስትሄዱ እኔ ገበያ አለብኝ እያልሁ እቀር ነበር። አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል።

አንድ ማታ ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ መጥታ፣ «አባዬ፣ ትምህርቱን ልተወውና ባሕር ዳር ሰው ቤት ልቀጠር። በየወሩ እልክልሃለሁ» አለችኝ። ምን ነካሽ ብላት፣ «ሰውየው በር ላይ ቆሞ ሲናገርህ ሰምቻለሁ» አለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ለባለቤቴ አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም፤ ተቆጣች። «አሥራ አራት ወር ሙሉ! እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ እንዴ? ባውቅ ኖሮ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና አፈላ ነበር?» አለችኝ።

እናቶቼና አባቶቼ፣ ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ዕዳውን የያዝሁት እኔ፣ የቤቱን ወጪ የያዘችው እሷ። የያዘችው ወጪ የት እንደሚያፈስ ሳታውቅ ቤቱ እንዴት ብሎ ይቆጥብ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለካ ለዚህ ነው። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ያዙ፤ ዕዳው በቤት ውስጥ ሳይታወቅ ወጪ አይቀነስም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ወደ አበዳሪው ሄድን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሕግ የሚያውቁ ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይላል ብለው ነገሩት። የእኔን 12,000 ብር በዚህ ብናሰላው የዓመቱ ወለድ 1,440 ብር ነው። ሕጉ በዓመት የሚፈቅደውን እኔ በአንድ ወር ከስድስት ቀን እከፍል ነበር ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን እንደሚያስቀጣ አስረዱት። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መሆን እንዳለበትም ያን ዕለት ነው ያወቅሁት፤ ይህን እናንተም ያዙት።

ሰውየው መጀመሪያ አንገራገረ። ሽማግሌ ግን ሽማግሌ ነው። በመጨረሻ ወለዱ እንዲቆም፣ ዋናውን 12,000 ብር በየወሩ 2,000 እየሆነ በስድስት ጊዜ እንድከፍል ተስማማን፤ በወረቀት ተጽፎም ተፈረመ።

አሁን ችግሩ ወደ ቤታችን መጣ። እስከዚያ የምከፍለው 1,200 ብር ነው። በየወሩ ሌላ 800 ብር ከየት ይምጣ? የስፌት መኪናዬ ያው አንድ ናት። ስለዚህ ከቤት ወጪ መውጣት አለበት። ልጄ ከደብተሯ ጀርባ ላይ መስመር አሰመረችና ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤት የወጣውን ገንዘብ ሁሉ፣ የክብሪቱን ሳይቀር ጻፈች። የማኅበሩ ጸሐፊ ዛሬ እኔ ነኝ፤ የቤታችን ጸሐፊ ግን እሷ ነበረች። ከዚያ ሦስታችን ተቀምጠን አየነው። የቀነስነው በወር ሲሰላ እንዲህ ነው።

1ኛ/ ቡና። በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላ ነበር። ቡና ሲባል ቡናው ብቻ አይደለም፤ ስኳሩ አለ፣ ከሰሉ አለ፣ ቆሎው አለ። በቀን አንድ ጊዜ አደረግነው፤ እሱንም ከጎረቤት ጋር በተራ፣ ዛሬ እኛ ዘንድ ነገ እነሱ ዘንድ። ስኳሩን ትተን እንደ ድሮው በጨው ጠጣነው። ከዚህ 210 ብር ተረፈ። የቡናው ወግ አልቀረብንም።

2ኛ/ የችርቻሮ ግዢ። ሽሮው በኩባያ፣ በርበሬው በሲኒ፣ ዘይቱ በትንሽ ጠርሙስ ከሱቅ ይመጣ ነበር። ድሀ ሰው ጥቂት በጥቂት ስለሚገዛ ከሀብታም አስበልጦ ይከፍላል። ባለቤቴ አተሩንና ባቄላውን ከገበሬ እጅ ገዝታ ሽሮውን ራሷ አዘጋጀች። ንጹሕ ጤፍ መጋገር ትታ ከትሪቲካሌ ጋር ቀላቀለችው። የፋርጣ ድንችማ ምስጋና ይግባው፣ ቁርስም እራትም ሆኖናል። ከዚህ 180 ብር።

3ኛ/ የእኔ የውጭ ምሳና መጠጥ። ገበያ ስውል ምሳ ከሻይ ቤት፣ ማታ ደግሞ ከጓደኛ ጋር አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ። ደብተሩ ላይ ሲደመር ከሁሉ የበለጠው ይኸው ሆኖ ተገኘ፤ 240 ብር። በልጄ ፊት አፈርሁ። ምሳ ዕቃ ይዤ መውጣት ጀመርሁ፤ አረቄውን ተውሁት። አባቶች፣ ቁጠባ ሲባል ሁልጊዜ የሴቶቹን ጓዳ ብቻ እንፈትሻለን። የራሳችንንም ኪስ እንፈትሽ።

4ኛ/ የስልክ ካርድ። የረባም ያልረባም ወሬ ይወራ ነበር። 90 ብር ቀነስን።

5ኛ/ ከሰል። ላቀች የምንለውን ምድጃ ገዛን፤ የቀረውን በባሕር ዛፍ ጭራሮና በኩበት ሸፈንነው። 80 ብር።

ደምሩት፤ 800 ብር ይመጣል። ዛሬ በእያንዳንዳችሁ ቤት ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፤ የ2012 ዓ.ም. ብርና የዛሬ ብር አንድ አይደለም። መንገዱ ግን ያው ነው። መጀመሪያ መጻፍ፣ ከዚያ አብሮ ማየት፣ ከዚያ መቀነስ። ሳይጽፉ የሚቀንሱ ሰዎች የሚቀንሱት ከልጆቹ ሆድ ነው፤ እሱ ነው በቀላሉ የሚታያቸው።

ነገሩ ቀላል ነበር እያልሁ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ። ገበያው ቀዘቀዘ፣ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። የሚያዝያን ክፍያ መክፈል አልቻልሁም። የዚያን ጊዜ ግን አልተደበቅሁም። ቀኑ ሳይደርስ ሽማግሌዎቹን ይዤ ሄጄ «ይህን ወር እለፈኝ» አልሁት፤ አለፈኝ። አበዳሪ የሚቆጣው በቀጠሮ ቀን ሲያጣህ ነው። ቀድመህ ስትነግረው ከብዙው ጋር ትግባባለህ። የዚያን ዓመት ፋሲካ ቅርጫ አልገባንም፤ በእንቁላልና በድንች ነው የፈሰክነው። ትንሹ ልጄ «ለምን እኛ ቤት ሥጋ የለም?» ብሎ ሲጠይቅ እኅቱ፣ «አባዬ ዕዳ እየከፈለ ነው፤ ስንጨርስ እንበላለን» አለችው። ልጅ ከተነገረው ይገባዋል። ግንቦት ላይ የአፍ መሸፈኛ መስፋት ጀመርሁና እንደገና ቀና አልሁ።

የመጨረሻውን 2,000 ብር በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከፈልሁ። የቡሄ ሰሞን ነበር፤ የከተማችንን ስም የያዘው በዓል፣ ደብረ ታቦር። ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ። ወረቀቴን ተቀብዬ ቤት ስገባ ለልጄ ሰጠኋት፤ ቀደደችው። እናንተም ዕዳችሁን ስትጨርሱ ወረቀታችሁን ሳትቀበሉ እንዳትመለሱ።

አሁን ደግሞ የማይቀነሰውን ልናገር። የልጅ ምግብ አይቀነስም። ደብተርና እስክሪብቶ አይቀነስም። ገጠር መሬት ያላችሁ፣ ዘር አይበላም። የጤና መድን ክፍያም አይቋረጥ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱ የዞናችን ፎገራ ነበር፤ ጥቅሙን ከሩቅ አልሰማነውም። መድኑን ያቋረጠ ሰው ቤት በሽታ ሲገባ የሚሄደው ወደ አራጣ ነው። የዕድር መዋጮም እንደዚሁ። ጥቂቱን አተርፍ ብሎ ትልቁን መጣል፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ነው።

ደግሞም በስልክ የሚገኝ ብድር አለ። ሥራ ለሚያንቀሳቅስበት ሰው ይጠቅማል። ቁልፍ በመጫን ስለሚገኝ ብቻ ግን አትውሰዱት። በቀላሉ የመጣ ብድርም መከፈያ ቀን አለው።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ 800 ብር ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን እኔን ዕዳ ውስጥ የከተተኝ ቡና አይደለም፤ ተዝካር ነው። የዕለት ወጪ መቀነስ ዕዳን ያወጣል። ዕዳው ተመልሶ እንዳይገባ የሚያደርገው ግን የድግሱ ነገር ነው። ይህን ደግሞ አንድ ቤት ለብቻው አይችለውም። እኔ ብቻዬን ድግስ ብተው ንፉግ እባላለሁ፤ ሁላችንም ብንተው ደንብ ይሆናል።

ሩቅ አገር አልወስዳችሁም። ከዚህ ወደ ወረታ ስንወርድ በፎገራ ወረዳ አውራ አምባ አለ። በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተ ማኅበረሰብ ነው። ጋብቻቸው ያለ ድግስ ነው። ሰው ሲሞት ቀብረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ወፍጮ አላቸው፣ ሽመና አላቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ለአቅመ ደካሞች ይሠራሉ። የእኛ እምነት ከእነሱ የተለየ ነው፤ እምነታቸውን ያዙ አላልሁም። ለድግስ የማይወጣ ገንዘብ ወፍጮ ሲሆን ግን በዓይናችን አይተናል።

ስለ ነፍስም ቢሆን ካህናቱን ጠይቁ። ለሟች የሚያስፈልገው ጸሎትና ምጽዋት መሆኑን ይነግሯችኋል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ስለ ሰደቃ ሽማግሌዎቻቸውን ይጠይቁ። በአራጣ ብር የታረደ በግ ለአባቴ ነፍስ ምን ረባት? አባቴ በሕይወት ቢኖሩ ለአንድ ቀን ድንኳን ስትል የልጅህን ትምህርት ሽጥ ይሉኝ ነበር? አይሉኝም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ ለድምፅ ያቀርባል።

1ኛ/ በለቅሶ ቤት ከማኅበሩ ከሚቀርበው ንፍሮ፣ ዳቦና ሻይ በስተቀር ሐዘንተኛው ከራሱ ምንም እንዳያወጣ።

2ኛ/ ተዝካርም ሆነ ሠርግ የሚያወጣ አባል እንደ አቅሙ እንዲያደርግ። ድንኳኑን፣ ጋኑንና ብረት ድስቱን ከማኅበሩ ያለ ኪራይ እንዲወስድ። ትንሽ የደገሰ አባል በማንም እንዳይታማ።

3ኛ/ አዝመራ ገብቶ እህል በሚረክስበት በጥርና በየካቲት ገንዘብ አዋጥተን ከገበሬው በኩንታል እንድንገዛና እንድንከፋፈል። ክረምት ላይ በጣሳ ከመግዛት ያድነናል።

4ኛ/ ከማኅበሩ ሣጥን ለሕክምናና ለትምህርት ብቻ አነስተኛ ብድር ያለ ወለድ እንዲሰጥ። በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለት ዋስ ይኑረው።

5ኛ/ ዕዳ የያዘው አባል በምስጢር ለኮሚቴው እንዲያመለክት፤ ኮሚቴው ሁለት ሽማግሌ መድቦ ከአበዳሪው ጋር እንዲያነጋግርለት።

6ኛ/ መዋጮ ያቋረጡ አባላት ስም በሰሌዳ ላይ እንዳይለጠፍ።

ይህን የመጨረሻውን ጥቂት ላብራራ። በ2011 ዓ.ም. ስሜ እዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ እኔ ከዚህ ማኅበር እወጣ ነበር። ከአፍረት የተነሣ መዋጮውን ለመክፈል ሌላ አራጣ እበደርም ነበር። ልጄም ምናልባት ዛሬ ሰው ቤት ትሆን ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትምህርቷን አላቋረጠችም። ስሙ የሚለጠፍበት ሰው ዕዳውን የበለጠ ይደብቃል። የደበቀ ደግሞ፣ ቅድም እንዳልሁት፣ አይቀንስም፤ ካልቀነሰም አይከፍልም። ስለዚህ መዋጮውን ከፈለጋችሁ ስሙን አትለጥፉ፤ በሩን አንኳኩ። እኔ ጸሐፊው አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

ከዚህ ከከተማችን አጠገብ ጋፋት ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ወደ 70 ኩንታል ይመዝን ነበር ይባላል። ያን ሁሉ ገደል አልፎ መቅደላ የደረሰው ብዙ ሰው ገመድ ይዞ ስለ ጎተተው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዕዳም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ባልና ሚስት ይያዙት፤ ከዚያ ልጆች ይወቁት፤ ከዚያ ማኅበሩ ይድረስላቸው።

ዛሬ ማታ እቤታችሁ ስትገቡ አንድ ደብተር አውጡ። ያለባችሁን ዕዳ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉና ለትዳር ጓደኛችሁ አሳዩ። ቁጣ ቢመጣም ታገሡ፤ ያልፋል። እኔ አልፎልኝ አይቻለሁ።



/ማሳሰቢያ፦ በስድስቱ ሐሳቦች ላይ ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ነው። ባልና ሚስት አንድ ላይ እንድትመጡ ኮሚቴው በትሕትና ያሳስባል።/